የአጠውልግ የዘር ሐረግ

ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ቢላዋና ባላ የእኔ ናቸው። ጥበቃው በር ላይ አስቁሞ "ምን ልታደርግበት ነው?" ብሎኝ ነበር፤ ለዲስኩር ነው ብለው አላመነኝም። ሁለቱም በኋላ ላይ ያስፈልጉናል።

እኔ ያደግኩት እንሰት በማይበላበት አካባቢ ነው። በእኛ ቤት እንሰት ማለት ኮባ ነበር፤ ኮባ ደግሞ የድፎ ዳቦ ልብስ። ሊጡ ኩፍ ሲል እናቴ ወደ ጎረቤት ትልከኛለች፤ ሁለት ሰፋፊ ቅጠል ቆርጬ እየሮጥኩ እመለሳለሁ። ተክሉ ራሱ እንደሚበላ ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ አንድ የወላይታ ልጅ አብሮኝ ሲያድር ነው። "እናንተ ጓሮ ያለው የዳቦ ልብስ ነው፤ እኛ ጓሮ ያለው ዳቦው ራሱ ነው" አለኝ። ቆጮውን፣ ቡላውን፣ አሚቾውን የቀመስኩት በእሱ ቤት ነው። አጠውልግ የሚባለውን በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ ያየሁትም እዚያው ጓሮ ውስጥ ነው።

የዛሬው ወሬዬ ያንን በሽታ ስለሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ከየት መጣ? ከማን ይዛመዳል? ለብዙ ዓመታት በአንድ አገር ጓሮ ተወስኖ ኖሮ፣ በአንድ ጊዜ የመካከለኛውና የምሥራቅ አፍሪካን የሙዝ እርሻ ያጠፋው ምን ቢለወጥ ነው? ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የሳይንሱ መዝገብ በዚያ ስለተጻፈ እየመለስኩ ላሳስታችሁ አልፈልግም።

በሽታውን ላላያችሁት ልንገራችሁ። መጀመሪያ አንድ ቅጠል፣ ብዙውን ጊዜ ከመሃል ካሉት አንዱ፣ ቢጫ እየሆነ ይዝለፈለፋል። ቀጥሎ አንገቱ ላይ ይሰበርና ይንጠለጠላል። ከዚያ ሌላው ይከተላል። ግንዱን በቢላዋ የቆረጠ ሰው ከቁስሉ ቢጫ የሆነ ዝልግልግ ፈሳሽ ሲንጠባጠብ ያያል። ያ ፈሳሽ የተክሉ ደም ቢመስልም የባክቴሪያው ሠራዊት ነው፤ በአንዲት ጠብታ ውስጥ ቁጥር ሥፍር የሌለው ባክቴሪያ አለ። እንሰት ለመድረስ አራት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ለባለቤቱ ባንክ ነው ማለት ይቻላል፤ ዝናብ ሲቀር የሚወጣ ተቀማጭ። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በዚህ ተቀማጭ ላይ ይኖራል። አጠውልግ የገባበት ቤት የዘንድሮን ምርት ብቻ አያጣም፤ ያለፉትን አራትና አምስት ዓመታት ጭምር ያጣል።

ገበሬው በሽታውን ከማንም በፊት እንደሚያውቀው ግልጽ ነው። በጽሑፍ ግን ቀድሞ የምናገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ ኤቶሬ ካስቴላኒ የተባለ የዕጽዋት በሽታ ባለሙያ በ1939 ስለ እንሰት መበስበስ ጻፈ። መንስኤውን የለየው ግን የእኛ ሰው ነው። ደብረ ዘይት ይሠራ የነበረው ዳኛቸው ይርጉ፣ ከእንግሊዛዊው የባክቴሪያ ሊቅ ብራድበሪ ጋር ሆኖ በ1968 ባክቴሪያውን ለይቶ ስም ሰጠው፤ ዛንቶሞናስ ሙሳሲያረም። ዛንቶ በግሪክ ቢጫ ማለት ነው፣ ያ ዝልግልግ ፈሳሽ ቢጫ ነውና። በ1974 ሁለቱ ሰዎች ሌላ አጭር ማስታወሻ አወጡ፦ ይኸው የእንሰት ባክቴሪያ ሙዝንም አጠውልጓል። ሙዝና እንሰት የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸውና ነገሩ አያስደንቅም። እኔን የሚያስደንቀኝ ያ ማስታወሻ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ማንንም አለማስደንገጡ ነው። የኢትዮጵያ ጓሮ ጉዳይ ተብሎ ተቀመጠ።

በ2001 ካምፓላ አጠገብ ባለው በሙኮኖ አውራጃ የኡጋንዳ ገበሬዎች ሙዛቸው ያለ ጊዜው ቢጫ ሲሆን አዩ። ፍሬው ሲከፈት ውስጡ ቡናማ ሆኖ ተበላሽቷል፣ ግንዱ ሲቆረጥ ያ ቢጫ ፈሳሽ ይወርዳል። ኡጋንዳ ውስጥ ሙዝ የሕፃን መክሰስ እንዳይመስላችሁ፤ ማቶኬ የሚሉት የበሰለ ሙዝ የዕለት ምግብ ነው፣ የእኛ እንጀራ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ገደማ በምሥራቅ ኮንጎ፣ በሰሜን ኪቩ ማሲሲ በሚባለው ደጋ ተመሳሳይ በሽታ ታየ። ከዚያ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ኬንያ፣ ቡሩንዲ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የታላላቆቹን ሐይቆች አካባቢ ዞረው።

እንዲህ ሲሆን ማንም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ባክቴሪያው ተለውጦ ነው? የኮሮና ዘመን ያሳለፈ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ በራሱ ይጠይቃል፤ አዲስ በሽታ በተነሣ ቁጥር አዲስ ዝርያ ተወለደ ብለን እንጠብቃለን። መልሱን ለማግኘት የባክቴሪያውን ጂኖም ማንበብ ያስፈልጋል።

ጂኖም የሚለው ቃል ለከበዳችሁ ብራና አስቡ። አንድ ዳዊት አለ እንበል። ከእሱ ሌላ ይገለበጣል፣ ከተገለበጠውም ሌላ። ጸሐፊው ሰው ነውና ይሳሳታል፤ አንዷን ፊደል ዘሎ፣ አንዷን በሌላ ተክቶ ያልፋል። ቀጥሎ የሚገለብጠው ሰው ያንን ስህተት እንዳለ ይገለብጠዋል፣ የራሱንም ይጨምርበታል። ከዘመናት በኋላ አንድ ተመራማሪ ከጎጃም፣ ከላስታና ከትግራይ ገዳማት አሥር ዳዊት ሰብስቦ ጎን ለጎን ቢያነብ፣ የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ ሊነግረን ይችላል። ማስረጃው ስህተቱ ነው። ትክክለኛው ንባብ ሁሉም ዘንድ ስላለ ዝምድናን አይናገርም፤ ሁለት መጻሕፍት አንድ ዓይነት እንግዳ ግድፈት ከተጋሩ ግን እናታቸው አንድ ናት።

ባክቴሪያውም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ ዲኤንኤ ነው፣ የተጻፈውም በአራት ፊደላት ብቻ ነው፣ ርዝመቱ ወደ አምስት ሚሊዮን ፊደል ይጠጋል። ባክቴሪያው ለሁለት በተከፈለ ቁጥር መጽሐፉ ይገለበጣል። ገልባጩ እጅግ ጠንቃቃ ቢሆንም አልፎ አልፎ ይስታል። አብዛኛው ስህተት ምንም አያመጣም፤ "ሠረቀ" በእሳቱ "ሰ" ይሁን በንጉሡ "ሠ" የአማርኛ አንባቢ ድምፁ ላይ ልዩነት አይሰማውም። ለዘር ሐረግ ቆጣሪው ግን ይህች ድምፅ የማትለውጥ የፊደል ስህተት ወርቅ ናት።

ሌላም የብራና ነገር አለ፣ እሱንም ያዙልኝ። አንዳንዴ ጠራዡ ከሌላ መጽሐፍ የተገነጠለ ቅጠል ያገኝና አብሮ ይሰፋዋል። ዳዊቱን እያነበባችሁ ድንገት የድርሳነ ሚካኤል ገጽ ታገኛላችሁ። ይህ የመገልበጥ ስህተት አይደለም፣ ከውጭ የገባ ነው። ባክቴሪያዎች ይህን ያደርጋሉ። ከወላጅ ብቻ አይወርሱም፤ ከጎረቤትም፣ ከማያውቁትም ይቀበላሉ። አንዳንዱን ቅጠል አምጥቶ የሚሰፋው ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ይገባና መግደሉን ትቶ የራሱን ጽሑፍ ከባክቴሪያው መጽሐፍ ጋር ሰፍቶ ይተኛል።

አሁን ወደ ሙዙ እንመለስ። የኡጋንዳው አርተር ዋሱኪራ፣ የእንግሊዙ ዴቪድ ስተድሆልምና ባልደረቦቻቸው በ2012 ከኢትዮጵያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከኮንጎ፣ ከሩዋንዳ፣ ከታንዛኒያ፣ ከኬንያና ከቡሩንዲ የተሰበሰቡ የባክቴሪያ ናሙናዎችን ጂኖም ጎን ለጎን አነበቡ። የመጀመሪያው ግኝታቸው፦ ልዩነት የለም ማለት ይቀላል። በአምስት ሚሊዮን ፊደል ውስጥ የሚለያዩበት ቦታ እጅግ ጥቂት ነው። አሥር ዳዊት ሰብስባችሁ፣ በአንድ ሰሞን አንድ ጸሐፊ የጻፋቸው ሆነው እንደማግኘት ነው። ያ አገር ያፈረሰ ባክቴሪያ በደብረ ዘይት ዘመን ከተለየው ባክቴሪያ ጋር መንታ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው።

ሁለተኛው ግኝት ከጥቂቶቹ ልዩነቶች ወጣ። ናሙናዎቹ ለሁለት ቤተሰብ ተከፈሉ። በአንደኛው ኡጋንዳ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ቡሩንዲ ተሰለፉ። በሌላው ኮንጎና ሩዋንዳ። ካርታ ብቻ ያየ ሰው በሽታው ከሙኮኖ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተጉዞ ኮንጎ ገባ ይል ነበር፤ ጽሑፉ ግን ማሲሲ ያለው ባክቴሪያ የሙኮኖው ልጅ እንዳልሆነ ይናገራል። ተመራማሪዎቹ በሽታው ወደ አካባቢው ከአንድ ጊዜ በላይ ሳይገባ አልቀረም፣ ምናልባትም ከኢትዮጵያ፣ አሉ። የኢትዮጵያው የት ቆመ ብትሉኝ፣ ከኮንጎና ከሩዋንዳ ጋር። በርቀት ኡጋንዳ ለእኛ ትቀርባለች፤ በዘር ሐረጉ ግን ጎረቤታችን ሆኖ የተገኘው ማሲሲ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ስለዚያ የኢትዮጵያ ናሙና። እንግሊዝ አገር ዕጽዋትን የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎች ብሔራዊ ስብስብ አለ። ባክቴሪያው በቅዝቃዜ ይደርቅና በትንሽ ብልቃጥ ታሽጎ ይቀመጣል፤ ሲፈለግ ውኃ ይጠጣና ይነሣል። ከኢትዮጵያ እንሰት በ1967 የተወሰደው ባክቴሪያ እዚያ መደርደሪያ ላይ ቁጥሩ 2005 ነው። ዓመት እንዳይመስላችሁ፣ የመዝገብ ቁጥር ነው። ለዝርያው ሁሉ መለኪያ የሆነው ናሙና እሱ ነው። ብልቃጡ ሲታሸግ ዲኤንኤን ፊደል በፊደል የማንበብ ዘዴ ገና አልተፈለሰፈም፤ ፍሬድሪክ ሳንገር የታወቀበትን ዘዴ ያሳተመው በ1977 ነው። ናሙናውን የላኩት ሰዎች አንድ ቀን እንዴት እንደሚነበብ ሳያውቁ አስቀመጡት። እኔ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ልዩ አክብሮት አለኝ። ማንም ሽልማት አይሰጥበትም፣ ጋዜጣም አይጽፈውም፤ ግን ያ ብልቃጥ ባይኖር ኖሮ የኡጋንዳውን ባክቴሪያ ከምን ጋር እናነጻጽረው ነበር?

ቅሬታም አለኝ፣ አልደብቃችሁም። ባክቴሪያው ረጅሙን ዘመን የኖረው እዚህ ነው። የዳዊቱ ዋና ገዳም እዚህ ከሆነ፣ ከሁሉ ቦታ ይበልጥ የተለያየ ቅጂ ልንፈልግ የሚገባን እዚህ ነው፤ ከሲዳማ፣ ከጉራጌ፣ ከከፋ፣ ከጌዴኦ፣ ከዳውሮ። በዚያ ጥናት ግን የእኛ አገር ድርሻ ከስብስቡ የተገኙ ሁለት የስድሳዎቹ ዓመታት ናሙናዎች ነበሩ። በሁለት መጽሐፍ የአንድ ገዳምን ቤተ መጻሕፍት መተረክ አይቻልም። ስለዚህ "ከኢትዮጵያ ወጣ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስሰማ "ምናልባት" የምትለው ቃል ወድቃ እንዳትቀር እጠብቃታለሁ።

እንግዲህ ባክቴሪያው ካልተለወጠ ምን ተለወጠ? ለእኔ የዚህ ታሪክ ጨው ያለው እዚህ ላይ ነው።

እንሰት በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያብባል፣ አብቦም ይሞታል። ብልህ ባለቤት ደግሞ እስኪያብብ አይጠብቅም፤ ቀድሞ ይቆርጠዋል። ስለዚህ በእንሰት ጓሮ ውስጥ አበባ እንግዳ ነገር ነው። ባክቴሪያው ከተክል ወደ ተክል ለመሻገር አንድ ዋና መንገድ ብቻ ይቀረዋል፦ የሰው እጅ። ችግኙን ያፈላበት፣ ቅጠሉን የቆረጠበት፣ ሥሩን የነቀለበት መሣሪያ። ይኸው ቢላዋ። በደቦ ሥራ ላይ መሣሪያ ከጓሮ ጓሮ ይዞራል፤ ጎረቤት ይዋሰዋል። እንስሳም የታመመውን ቅጠል በልቶ ወደ ጤነኛው ይሄዳል። በሽታው ይጓዛል፣ ግን በእግሩ ነው የሚጓዘው።

ሙዝ ግን ዓመቱን ሙሉ ያብባል። አንዱ ዘለላ ሲደርስ ሌላው ጀምሯል። ከዘለላው ጫፍ የሚንጠለጠለውን ያንን ቀይ ወይን ጠጅ እንቡጥ አይታችሁታል? እሱ የወንዴ አበባ ነው። ቅርፊቱና አበባው እየረገፈ ሲሄድ ትኩስ ጠባሳ ይተዋል። ንቦችና ሌሎች ነፍሳት የታመመውን ዛፍ ቀስመው ባክቴሪያውን በእግራቸው ይዘው ይሄዱና ጤነኛው ጠባሳ ላይ ያርፋሉ። ኡጋንዳ ውስጥ ካዪንጃ የሚባል፣ ጠላ የሚጠመቅበት ሙዝ በሰፊው ይተከላል፤ አበባውን የሚያረግፍ ዓይነት ስለሆነ ለዚህ መንገድ ሰፊ በር ከፈተ። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ከፍ ባለ ደጋ የነፍሳቱ ሚና ይቀንሳል፤ የእኛ እንሰት ደግሞ የደጋ ልጅ ነው። ስለዚህ ያው ባክቴሪያ፣ ከእነ ሙሉ ጽሑፉ፣ አንድ ፊደል መለወጥ ሳያስፈልገው ከእግረኝነት ወደ ክንፍ ተሸጋገረ። ክንፉን የሰጠው አዲሱ ቤቱ ነው።

የሙዙ የራሱም ጉዳይ አለ። ሙዝ በዘር አይራባም፣ በልጅ ነው። አንድ ማሳ ላይ ያሉት ካዪንጃዎች በሙሉ የአንዷ ግልባጭ ናቸው። አንዱን ያሸነፈ ሁሉንም አሸነፈ። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አንድ ዓይነት ተክል አገኘ።

የዘር ንባቡ ሌላ ውለታም ውሎልናል፤ የባክቴሪያውን የሐሰት ዘመድ ከእውነተኛው ለየልን። ለብዙ ዓመታት ይህ ባክቴሪያ የጥቅል ጎመንን በሽታ ከሚያመጣው ባክቴሪያ ሥር፣ እንደ አንድ ንዑስ ዓይነት ተመድቦ ኖረ። በ2008 አሪቱዋ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው መረጃዎቹን አገናዝበው ይህ የጎመን ዘመድ አይደለም አሉ። ዘመዶቹ የሣር ወገን የሆኑ ሰብሎችን የሚያጠቁ ሆነው ተገኙ፦ ማሽላን፣ ሸንኮራ አገዳን፣ በቆሎን። ዛንቶሞናስ ቫሲኮላ የሚባል ቤት። በ2020 ስሙ በይፋ ወደዚያ ቤት ተዛወረ። የ2008ቱ ጥናት አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር፦ የማሽላውንና የአገዳውን ባክቴሪያ ሙዝ ላይ ሲወጉት ሙዙ ምንም አልሆነም። የእንሰቱን ባክቴሪያ ሲወጉት ግን ሙዙም ታመመ፣ በቆሎውም ታመመ። የድሮ ቤቱን ቁልፍ አልጣለም ማለት ነው።

ታዲያ የሣር ባክቴሪያ እንሰት ላይ ለመኖር ምን አገኘ? በ2010 የኡጋንዳን ናሙና ከአንድ የአገዳ ዘመዱ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩት ሰዎች ሦስት ቦታ ላይ ልዩነት አይተዋል። ባክቴሪያው በተክሉ ሕዋስ ውስጥ የሚወጋበት በጣም ረቂቅ መርፌ አለው፤ በመርፌው ከሚያስገባቸው ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ በአገዳው ዘመድ ዘንድ የሉም። የተክሉን የመከላከያ ደወል የሚያጠፉት እነዚህ ፕሮቲኖች ናቸው። የባክቴሪያውን ገላ የሚሸፍነው የስብና የስኳር ካባም ይለያል፤ ተክሉ ጠላቱን የሚያውቀው ካባውን አይቶ ነው። እንዲሁም የሚጣበቅበትና የሚሳብበት ጸጉር። የትኛው ለእንሰት በር ከፈተለት የሚለው በሙከራ የሚፈታ ነገር ነው። እኔ በግሌ ካባው ላይ እወራረዳለሁ፤ ውርርድ ግን ማስረጃ አይደለም።

አሁን የዚህን ባክቴሪያ አንድ የቅርብ የአጎት ልጅ ላስተዋውቃችሁ፣ ታሪኩ ለየት ስለሚል። በቆሎ ቅጠል ላይ ረጃጅም ቡናማ ሰረዝ የሚያወጣ የቫሲኮላ ዓይነት አለ። መጀመሪያ የተጻፈው በ1949 ከደቡብ አፍሪካ ነው። ከዚያ ለአሥርት ዓመታት ብዙም አልተሰማም። በ2016 ግን አሜሪካ ውስጥ፣ በበቆሎ አገር በነብራስካ፣ መኖሩ ተረጋገጠ፤ ወዲያው በሌሎች ግዛቶችም፣ በአርጀንቲናም ተገኘ። ኮሎራዶ ያሉ ተመራማሪዎች በ2020 ከዚህ ባክቴሪያና ከማሽላው ዘመዱ የ41 ናሙናዎችን ጂኖም አንብበው አሳተሙ። የአሜሪካና የአርጀንቲናው እጅግ የተቀራረቡ ናቸው፣ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ አሜሪካም የገቡት በሁለት የተለያየ ጉዞ ነው። እስከዚህ ድረስ የሙዙን ታሪክ ይመስላል።

ልዩነቱ የተሰፋው ቅጠል ነው። በአሜሪካዎቹና በአርጀንቲናዎቹ የበቆሎ ባክቴሪያዎች ሁሉ ውስጥ፣ ከውጭ የገቡ የዘረመል ክምችቶች ተገኙ። አንደኛው ክምችት የተኛ ቫይረስ ነው፤ ያ ቅድም ያልኳችሁ ጠራዥ። ይኸው ቫይረስ የማሽላው ባክቴሪያ ውስጥም አለ። ማን ለማን ሰጠው? ወይስ ሁለቱም ከሦስተኛ ወገን ተቀበሉት? ማሽላና በቆሎ ጎን ለጎን በሚዘሩበት ማሳ፣ ሁለት ባክቴሪያ በአንድ ቅጠል ላይ መገናኘታቸው ይታሰባል።

ጋዜጠኛ ብሆን "አሜሪካን ያጠቃው ባክቴሪያ አዲስ መሣሪያ ታጠቀ" ብዬ ርዕስ እጽፍ ነበር። ጸሐፊዎቹ ግን እንዲህ አላሉም። የተሰፋው ቅጠል ለወረርሽኙ መነሣት ምክንያት ሊሆን ይችላል አሉ፤ የአየሩ መመቸት፣ የተዘራው በቆሎ ተጋላጭነትም እንዲሁ። ነገሩን እንዲህ አስቡት፦ ሌባ ከገባበት ቤት አጠገብ አንድ አዲስ ሰው ቆሞ ተገኘ። ይጠየቃል እንጂ አይፈረድበትም። ያ ቫይረስ ምናልባት ለባክቴሪያው ጉልበት ይሰጠዋል፣ ምናልባት ከሌላ ቫይረስ ይጠብቀዋል፣ ምናልባት ምንም ሳይሠራ ተሳፍሮ የሄደ መንገደኛ ነው። የቫይረሱን ጽሑፍ ከባክቴሪያው ነቅሎ፣ ያለ እሱ በቆሎ ማሳመም ይችል እንደሆነ ማየት ብቻ ነው የሚፈርደው። እኔ ብዙ ጊዜ የማየው ችግር ይህ ነው፤ ጂኖም ማንበብ ርካሽና ፈጣን ሆነ፣ ያነበቡትን መፈተን ግን አሁንም አድካሚ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ተጠርጣሪ አለን፣ ጥቂት ፍርድ።

አሁን ወደ ጓሮ ልመልሳችሁ። ባክቴሪያው አንድ ዓይነት ቢሆንም እንሰቱ አንድ ዓይነት አይደለም። የሲዳማ እናቶች ጋንቲቻ፣ አዶ፣ ምዳሾ እያሉ ይጠሩታል፤ ጉራጌው አስታራ ይላል፤ ስሙ በየብሔረሰቡ ተቆጥሮ በመቶዎች ይሄዳል። ይሄ ለቡላ፣ ያ ለአሚቾ፣ ይህ ቃጫው ጠንካራ፣ ያ ለአራስ የሚሆን። እንሰት የሚባዛው ሥሩን ቆርጦ፣ እምብርቱን አውጥቶ፣ አፈር አልብሶ ብዙ ችግኝ በማፍላት ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ስም እንደ ሙዙ ግልባጭ ነው። አንድ ጓሮ ውስጥ ግን አሥርና ከዚያ በላይ ስሞች ተደባልቀው ይገኛሉ። ዋና መዝጋቢዎቹ ሴቶች ናቸው። በሽታው ከገባ ጓሮው እኩል አይወድቅም። ወላይታና ዳውሮ አካባቢ ማዝያ የሚሉት ዓይነት በተደጋጋሚ ሙከራ ከሌሎቹ የተሻለ ታግሷል። ፈጽሞ የማይታመም እንሰት ግን አልተገኘም። የማዝያ ትዕግሥት የት ፊደል ላይ እንደተጻፈ መፈለግ፣ ለእኔ፣ የባክቴሪያውን ጂኖም ለሃምሳኛ ጊዜ ከማንበብ የበለጠ ያጓጓኛል። የእንሰትም የመጀመሪያ ረቂቅ ጂኖም ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መነሻ አለን።

የባክቴሪያው ንባብ ለገበሬው ምን ጠቀመ ላላችሁኝ፣ አንድ ቀጥተኛ ነገር አለ፦ የዚህ ባክቴሪያ ብቻ የሆኑ ዘረመሎች ስለታወቁ፣ ባክቴሪያው መኖር አለመኖሩን በላቦራቶሪ ለይቶ የሚናገር ምርመራ መሥራት ተቻለ። ጤነኛ የሚመስል ችግኝ ከወረዳ ወረዳ ከመጫኑ በፊት መመርመር ይቻላል። አጠውልግ ደጋግሞ የተጓዘው ጤነኛ በሚመስል ችግኝ ነው።

ለቀረው ግን ጠረጴዛው ላይ ያለው ይበቃል። ይህን ቢላዋ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሻገሩ ወይ በረኪና በተበጠበጠበት ውኃ ትነክሩታላችሁ፣ ወይ እሳት ላይ ታሳልፉታላችሁ። ይህ በወሬ ቀላል ነው። ከማለዳ እስከ ማታ ሁለት መቶ ችግኝ የሚያሰናዳ ሰው፣ ሁለት መቶ ጊዜ ወደ እሳቱ እየተመላለሰ አይሠራም፤ ስለዚህ ሁለትና ሦስት ቢላዋ ይዞ አንዱ እሳት ላይ ሲሆን በሌላው መሥራት ነው ያለው መላ። አንድ ቢላዋ ብቻ ያለው ቤት ደግሞ ብዙ ነው።

ይህ ባላ ደግሞ የኡጋንዳዎቹ ነው፤ ማለትም ዘዴው የእነሱ ነው፣ እንጨቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የመጨረሻው የሙዝ ረድፍ ከወጣ በኋላ የወንዴውን እንቡጥ በቢላዋ አይቆርጡትም። ባላውን ከታች ወደ ላይ ይልኩና አንገቱን በሹካው ይይዙታል፣ ያዞሩታል፣ ይሰበራል። ብረት አልነካውም፣ ስለዚህ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚሻገር ነገር የለም፤ እንቡጡም ስለወደቀ ነፍሳቱ የሚያርፉበት ትኩስ ጠባሳ አያገኙም። ክንፉን በእንጨት ሰበሩለት። መጀመሪያ አካባቢ አንድ ግንድ ሲታመም ከአንድ እግር የበቀሉትን እናትና ልጆች በሙሉ ንቀሉ ይባል ነበር፤ ከባድ ሥራ ነውና ገበሬው አልታዘዘም። በኋላ ባክቴሪያው ሁልጊዜ ወደ ልጆቹ ሁሉ እንደማይዘልቅ ሲታወቅ፣ የታመመውን ግንድ ብቻ ወዲያው ከሥሩ ቆርጦ ማስወገድ በቂ ሆኖ ተገኘ፤ ይህንንም ገበሬው ሠራው።

ባላው ሲዞር ሹካው ወደ እናንተ አይሁን፣ እንቡጡ ፊት ላይ ሊወድቅ ይችላል። መሞከር የሚፈልግ ካለ፣ ግቢው በር አጠገብ ዘለላ ያወጣ አንድ ሙዝ አይቻለሁ። ባለቤቱን አስፈቅጄዋለሁ፤ ከጥያቄና መልሱ በኋላ አብረን እንወጣለን።